አቦይ ከማን ጋር ነበሩ

ባለፈው ኅዳር የጓደኛዬ ልጅ በትምህርት ቤቱ በቬተራኖች ቀን፣ በቀድሞ ወታደሮች በዓል፣ ይዘምራል ተባልኩና ዱሉዝ ድረስ ነድቼ ሄድኩ። ጂሙ፣ የስፖርት አዳራሹ፣ በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሽታው ነው። በሰም የተወለወለ የእንጨት ወለል፣ የኳስ ጎማ፣ ከጥግ የሚመጣ የፈንዲሻ ቅቤ፣ ለበዓል ብቻ ከቁም ሳጥን የሚወጣ የሱፍ ኮት። ከኋላዬ የነበረች ሴት ይቅርታ ጠይቃኝ አልፋ ገባች። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከአያቴ ጎን ተቀምጬ ሰፊና ደረቅ መዳፋቸውን ይዣለሁ፤ አባቴ ደግሞ ከኋላችን ሆኖ ማጅራታችንን ያየናል።

ያን ዓመት የምንኖረው ታከር በምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ ውስጥ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለ አፓርትመንት ነበር። አባቴ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ እናቴ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። በጋው ሊያልቅ ሲል የእናቴ አባት መጡ። የተወለዱት አስመራ አጠገብ ባለ መንደር ቢሆንም አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የኖሩት አዲስ አበባ ነው፤ እናቴንም የወለዱት እዚያው ነው። ያን ጊዜ ኢትዮጵያና ኤርትራ ድንበር ላይ ይዋጉ ነበር፤ አያቴም አገርዎ አይደለም ተብለው ከቤታቸው ወጡ፣ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ድንበር ተወሰዱ። አስመራ ጥቂት ከርመው፣ እናቴም ስንት ደጅ ስትጠና ቆይታ፣ በመጨረሻ እኛ ዘንድ ደረሱ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት አንድ ረጅም ሽማግሌ በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሰው ከኤርፖርቱ በር ሲወጡና እናቴ "አቦይ!" ብላ ስትሮጥ ነው። አቦይ ስማቸው መሰለኝ። በትግርኛ አባቴ ማለት መሆኑን፣ እናቴም ትግርኛ እንደምትችል የሰማሁት ያን ቀን ነው። መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው ሲያወሩ እናቴ ሌላ ሴት ሆነችብኝ፤ ድምፅዋ እንኳ ወፈረ። ከእኔ ምን ምን ደብቃ ነው የኖረችው እያልኩ እስከ ቤት ድረስ አፏን አፏን አየሁ።

አቦይ የእኔን ክፍል ያዙ፤ እኔ ወደ ሶፋው ወረድኩ። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ብርድ ልብሳቸው እንደ ሳጥን ጠርዙ ወጥቶ ታጥፏል። ጫማቸው አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ጎን ለጎን ቆሟል። ሻንጣቸውን አልፈቱትም፤ ሸሚዝ ሲፈልጉ ያወጣሉ፣ መልሰው ይቆልፋሉ። ጣሪያው ላይ ያለውን የጭስ ማስጠንቀቂያ ቀይ መብራት በጣታቸው እያሳዩ "ይቺ ማንን ነው የምታየው?" አሉኝ። ጭስ ነው የምታየው አልኳቸው። ጭስ የለም እኮ አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልብስ የሚቀይሩት መታጠቢያ ቤት ገብተው ነበር።

የዚያ ዓመት ሥራዬ እሳቸው ነበሩ። ከስኩል ባስ ስወርድ በረንዳ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። እናቴ ከሥራ እስክትመለስ ማንም ቢያንኳኳ በር አልከፍትም፣ አቦይን ትቼ የትም አልሄድም፣ አንድ ጊዜ ወጣ አድርጌ ሰፈሩን አዟዙሬ አመጣቸዋለሁ። ለአቦይም የተሰጠ ትእዛዝ ነበር፤ የአበሻ ሱቅ ስንሄድ እናቴን በትግርኛ እንዳያናግሯት። ስለዚህ እዚያ ስንገባ ዝም ብለው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቅመም እያሸተቱ ይዞራሉ። ድሮ እናቴን ሳትስም የማትለቃት ባለሱቅ ያን ሰሞን "አባትሽ ናቸው?" ብላ ጠየቀቻትና መልሱን ሳትጠብቅ ሚዛኗን መወልወል ጀመረች።

በቤታችን አንድ ታሪክ ነበር። እናቴ አባቴን ስታገባ ለዘመዶቹ የነገረችው ታሪክ ነው። አባቷን ጣልያን ገና በወጣትነታቸው በግድ ወታደር አድርጎ እንደወሰዳቸው፣ ኢትዮጵያን ሊወር ሲመጣ ግን ከድተው፣ ጠመንጃቸውን ይዘው ለአርበኞች እንደገቡ። የአባቴ ሰዎች የይፋት ሰዎች ናቸው፤ የአባቴ አያት በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜ ቤታቸው ጓሮ ነው የተገደሉት። ያ ታሪክ ባይኖር ሠርጉም አይኖርም ነበር። እኔ ግን እንደ ተረት ነበር የማውቀው። አቦይ ጠመንጃ ተሸክመው ጫካ ሲገቡ ይታየኛል፤ የሚታየኝ ጫካ ደግሞ ከአፓርትመንታችን ጀርባ ያለው፣ የፕላስቲክ ከረጢት የተንጠለጠለበት የጥድ ጫካ ነበር።

አባቴ መጀመሪያ አቦይን በጣም ነበር የተቀበላቸው። "አባባ" ይላቸዋል። ከሥራ ሲመለስ ለጥርሳቸው የሚመች ለስላሳ ዳቦ ይዞላቸው ይመጣል። አንድ እሑድ እራት ላይ ደስ ብሎት፣ እንግዳ ለማጫወት ያህል ነው የጠየቃቸው።

"አባባ፣ ለመሆኑ ጠመንጃዎን ይዘው ሲገቡ ከማን ጦር ጋር ነበሩ?"

አቦይ የጎረሱትን ውጠው "መቼ?" አሉ።

እናቴ ብድግ ብላ ጨው ላምጣ አለች። ጨው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

አባቴ ጥያቄውን አልደገመም። ጨዋ ሰው ነው፤ የሚስቱን አባት ገበታ ላይ አያፋጥጥም። ግን ከዚያ ምሽት ወዲህ "አባባ" ቀረና "አቶ ሐጎስ" መጣ። አቶ ሐጎስ፣ ብርድ አልተሰማዎትም? አቶ ሐጎስ፣ ቲቪውን ልቀንስልዎት? አክብሮቱ በጨመረ ቁጥር ቤቱ እየቀዘቀዘ ሄደ።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። አቦይ ውሃ ሲጠጡ አባቴ ያያቸዋል። ብርጭቆውን ሲያነሡ መብላቱን ያቆማል፤ እስኪያስቀምጡ ድረስ ዓይኑን ከእጃቸው አይነቅልም። አባቴ የውሃ ቢል በዛ እያለ ሁልጊዜ ስለሚያማርር ለዚያ መሰለኝ። እኔም አቦይን ከቁጣ ላድናቸው ብዬ ብርጭቆአቸውን ግማሽ ብቻ መቅዳት ጀመርኩ። አቦይ ግማሹን ብርጭቆ አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ጠጡ። እኔንም ሳይጠረጥሩኝ አልቀሩም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት የሚያደርሰኝ አባቴ ነው። ታክሲው ውስጥ የተንጠለጠለው ሽቶ የሎሚ ከረሜላ ይሸታል። ያን ሰሞን መንገድ ላይ አይስክሬም ይገዛልኝ ጀመር፤ ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ "ይህን ሳምንት አቦይ ምን አጫወቱሽ?" ይለኛል። ደረጃ ሲወጡ በጣልያንኛ እንደሚቆጥሩ ነገርኩት። መሪውን የሚመቱት ጣቶቹ ቆሙ። ሲላጩ የማላውቀው ዘፈን እንደሚያንጎራጉሩ፣ በመስኮት መኪና ሲቆም ባዩ ቁጥር ማን እንደወረደ እንደሚያዩ ነገርኩት። "ሌላስ?" ይላል። ትልቅ ሰው የሆንኩ ያህል ተሰማኝ። ሳምንቱን ሙሉ ለቅዳሜ የሚሆን ነገር ስለቅም እውላለሁ፤ ካላገኘሁ አይስክሬሙ ይቀራል የሚል ሥጋትም ነበረብኝ።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት ካልሲ እየለበስኩ አባቴና እናቴ ኩሽና ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ ሰማሁ። አባቴ "አባትሽ ባንዳ ከነበሩ ከአንቺ አፍ ልስማው" አላት። እናቴ "ልጅቷ አለች" ብላ የቧንቧውን ውሃ ከፈተች።

ባንዳ የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ግን ምን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ። ታከር ውስጥ ባንድ የማያውቅ ልጅ የለም። ከእኛ ሰፈር ማዶ ያለው ሃይስኩል የሰልፍ ባንድ ነበረው፤ ከሰዓት በኋላ ሲለማመዱ ከበሮው የመስኮታችንን መስታወት ያንቀጠቅጠዋል። ቀይ ኮት፣ ነጭ ጓንት፣ ላባ ያለው ቆብ። አያቴ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ ማለት ነው። አባቴ ለምን እንደተቆጣ ግን ሊገባኝ አልቻለም፤ ምናልባት እሱን ባንዱ አልቀበል ብሎት ይሆናል አልኩ።

ያን ዕለት አቦይን ይዤ ሰፈሩን ሳዞር ወደ ሃይስኩሉ አጥር ወሰድኳቸው። ልጆቹ ሜዳው ላይ ተሰልፈው ወደ ፊት ወደ ኋላ ይላሉ። አቦይ የልጆቹን እግር አይተው፣ ሦስተኛው ረድፍ ተበላሽቷል አሉ።

"አቦይ፣ አንተ ባንዳ ነበርክ?" አልኳቸው። እርስዎ ማለት ገና አልለመድኩም ነበር።

ቀስ ብለው ዞሩ። "ማነው ያለሽ?"

"አባዬ።"

ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲዘጋ አየሁ። እኔ ግን ቸኩያለሁ።

"ምን ነበር የምትጫወተው? ድራም ነው ትራምፔት?"

መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ልጆቹን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ አጥሩን ይዘው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠርገው፣ "ጡሩምባ ሲነፋ የምነሣ ነበርኩ እንጂ የምነፋስ አልነበርኩም" አሉኝ።

ያን ቀን አጥሩ ሥር ተቀምጠው ብዙ አወሩኝ። ዝናብ የጠፋበት ዓመት ነበር፤ ታላቅ ወንድማቸው ለጣልያን ተቀጥሮ ቦት ጫማ አድርጎ፣ ዱቄት አስጭኖ ወደ መንደሩ ተመለሰ። እሳቸውም ተከትለው ሄዱ። ማንም በግድ አልወሰዳቸውም። ምጽዋ ላይ መርከብ ገቡ፤ ባሕር ያዩት ያን ቀን ነው፤ ሰማዩ የወደቀ መስሏቸው ነበር። ሊቢያ አሸዋ ውስጥ ሲያድሩ ከጎናቸው የሚተኛው ልጅ የቆላ ሰው ነበር፤ ቋንቋውም ጸሎቱም ሌላ። ጣልያኖቹ ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠሯቸዋል።

"እኔ ከቤቴ ስወጣ የሐማሴን ልጅ ነበርኩ" አሉ። "ኤርትራ የሚለውን ስም ያወጣልን ጣልያን ነው። ስሙን ከዩኒፎርሙ ጋር ነው የለበስነው። ዩኒፎርሙን አወለቅነው፤ ስሙ ግን በላያችን ቀረ። አሁን ልጆቻችን የሚሞቱለት እሱ ነው።"

ያለበሳቸው ጣልያን ከሆነ ለምን አላወለቁትም ብዬ ጠየቅኋቸው። ሰው በለበሰው ልብስ ብዙ ከሞተበት ልብሱ የራሱ ይሆናል አሉኝ። ከሊቢያ በኋላስ ስላቸው "ከዚያማ ወዲህ መጣን" ብለው ተነሡ። ሱሪያቸውን አራግፈው ወደ ቤት መሄድ ጀመሩ።

ቅዳሜ ለአባቴ ነገርኩት። ስለ ባሕሩና ስለ ቆላው ልጅ ብዙም አልገደደውም። መጨረሻውን ግን ደገመኝ።

"'ወዲህ መጣን' ነው ያሉት? ወይስ 'መጣሁ'?"

"መጣን።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

እርግጠኛ ነበርኩ። አንዲት ፊደል ያን ያህል ምን እንደምታደርግ፣ 'መጣን' ማለትም ከጣልያን ጦር ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጡ ማለት መሆኑን፣ ያኔ አልገባኝም። አይስክሬሜ እየቀለጠ አባቴ መንዳቱን ቀጠለ።

የቬተራኖች ቀን ሲቃረብ አስተማሪያችን ቤተሰቡ ውስጥ ወታደር የነበረ ሰው ያለው ማን ነው ብላ ጠየቀች። እጄን አወጣሁ። አያቴ በትልቁ ጦርነት ጊዜ ወታደር ነበር አልኩ። ለየትኛው አገር ስትለኝ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ስለሆንን ኢትዮጵያ አልኳት። ደስ አላትና ማታውኑ ለእናቴ ደወለች። እናቴ ስልኩን ይዛ ሰማቻት፤ በመጨረሻ እሺ ይመጣሉ አለቻት። አሁን ሳስበው፣ ያ ታሪክ አንድ ጊዜ በሰው ፊት፣ በፈረንጅ አፍ ቢነገር እውነት ሆኖ የሚቀር መስሏት ይሆናል። አባቴ ለአመት በዓል እንኳ ሥራ የማይቀር ሰው፣ ያን ቀን ሥራ አልገባም፣ እኔም እመጣለሁ አለ።

ጂሙ ሞልቶ ነበር። አቦይ ካፖርታቸውን በውሃ ጠርገው፣ ከፊት ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። እኔ በቀኛቸው፣ እናቴ በግራቸው። አባቴ ከእኛ ጋር መቀመጥ ሲችል ከኋላ ረድፍ መረጠ። ርዕሰ መምህሩ ማይክ ይዞ ስም ይጠራል፤ የተጠራው ይነሣል፤ ይጨበጨባል። ተራው አቦይ ዘንድ ሲደርስ ከወዳጅ አገር ከኢትዮጵያ መጥተው ዛሬ ከእኛ ጋር ያሉ፣ በዚያ በትልቁ ጦርነት ከጣልያን ጋር የተዋጉ ብሎ ስማቸውን ጠራ።

አቦይ ስማቸውን ሰምተዋል። ወደ እናቴ ጎንበስ ብለው ምን አለ አሏት። እንኳን ደህና መጡ ነው ያለው አለቻቸው። እኔ ያን ዓመት ትርጉም ሥራዬ ስለነበር ስሕተት ማለፍ አልቻልኩም።

"አይደለም። ከጣልያን ጋር ተዋጋ ነው ያለው" አልኩ።

"ከጣልያን ጋር ሆኜ ነው ወይስ ጣልያንን?"

"ጣልያንን። ጠመንጃህን ይዘህ ገባህ አይደል?"

አቦይ እናቴን አዩአት። እናቴ መሬት መሬት ታያለች። እንደዚያ ለረጅም ጊዜ ያዩአት መሰለኝ፤ ግን ጭብጨባው ገና አላለቀም ነበር። ከዚያ ተነሡ። እጄን ይዘው ወደ ማይኩ ሄዱና፣ ልምድ ባለው የሰልፍ ድምፅ፣ ጂሙ ውስጥ ያለ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገሩ።

"ንገሪያቸው። እኔ ጣልያንን አልተዋጋሁም። ለጣልያን ነው የተዋጋሁት። ማንም አላስገደደኝም፤ የትም አልገባሁም።"

ማይኩን ይዤ የቻልኩትን ተረጎምኩ። አያቴ ከጣልያኖች ጋር ነው የተዋጋው አልኩ፤ ግን ያኔ ያልገባኝ፣ ያ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛም እንደ አማርኛው በሁለቱም በኩል ይሰማል። ሰዎቹ የሚፈልጉትን ሰሙ። ጂሙ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። አንድ ባለቆብ ሽማግሌ መጥቶ አቦይን ጨበጣቸው። አቦይ ግራ ተጋብተው ይህን ሁሉ ሰው ያያሉ። ከኋላ ረድፍ ሳያጨበጭብ የተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ አባቴ የመኪናውን በር ከፈተና ሳይገባ ቆመ።

"አቶ ሐጎስ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ቤቴ ተቀምጠው ለምን ዝም አሉ?"

"ምን ብለህ ጠየቅኸኝ? ስገባ ከማን ጋር እንደነበርኩ ጠየቅኸኝ። አልገባሁም።"

"እኔ ነኝ ያልኩት" አለች እናቴ። "እሳቸው ምንም አያውቁም። ያን ባልል ኖሮ ዘመዶችህ አይቀበሉኝም ነበር።"

አባቴ መኪናውን አስነሣ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት አስቀያሚዎች ነበሩ። አባቴ ኦቨርታይም እየነዳ ቤት የሚገባው ለመተኛት ብቻ ሆነ። እናቴ ሊቶኒያ በምትባል ጎረቤት ከተማ ያለች ጓደኛዋ ትርፍ ክፍል አላትና አቦይን እዚያ እወስዳለሁ አለች፤ እሳቸው ከሄዱ ግን እኔም ራሄልም አብረን እንሄዳለን አለችው። ራሄል እኔ ነኝ። ሶፋው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ይህን ስሰማ፣ ጥፋቱ የአንዲት ፊደል እንደሆነ፣ መጣን በማለት ፈንታ መጣሁ ብል ይሄ ሁሉ እንደማይመጣ አሰብኩ። አቦይ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጫማቸውን አስረው፣ ተነሡ እንሂድ የሚላቸው ሰው እስኪመጣ ድረስ አልጋቸው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ።

የምንሄድበት ቅዳሜ ደረሰ። አባቴ ሥራ አልሄደም። አቦይ ሳሎን መስኮቱ አጠገብ ቆመዋል። አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ላጫውትዎት አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም።

የአያቱን ሞት ነገራቸው። እኔም መጀመሪያ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ቀይ ቆብ ያደረጉ ጥቁር ወታደሮች ወደ መንደሩ መጡ። አንዱ ወደ አያቱ ደጅ መጥቶ በትግርኛ ቅላጼ፣ በትሕትና፣ ውሃ ለመነ። ትንሿ ልጃቸው በቅል አመጣችለት። ቆሞ ጠጣ፤ ቅሉን መለሰላት፤ እግዜር ይስጥሽ አላት። ከዚያ አባቷን ጓሮ ወሰዳቸው። ያቺ ልጅ እትዬ ወርቄ ናቸው፤ የአባቴ አክስት፤ አሁን አዲስ አበባ የሚኖሩ።

አቦይ ሳያቋርጡ ሰሙ። ሲጨርስ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ አዩ።

"ይፋት አልፈናል" አሉ። "ውሃ ከብዙ ቤት ጠጥቻለሁ።"

"ሰውስ?" አለ አባቴ።

"ተኩሻለሁ። ማን እንደወደቀ ሁልጊዜ አይታይም። ጓሮ የወሰድኩት ሰው ግን አላስታውስም። አላስታውስም ስልህ ደግሞ ታምነኛለህ ብዬ አይደለም።"

ከዚያ፣ የሰውየው መቀነት ምን ዓይነት ነበር ብለው ጠየቁት። አባቴ አልገባውም። አቦይ አስረዱት፤ ወታደሮቹ ሁሉ ቆባቸው አንድ ነው፤ ወገባቸው ላይ የሚታጠቁት መቀነት ግን የየሻለቃው ለየብቻ ነው፤ የአንዱ ቀይ፣ የአንዱ ሰማያዊ፣ የአንዱ ጥቁር። ሕፃን ልጅ ፊት ቢረሳ ቀለም አይረሳም፤ ቁመቷም እዚያው መቀነቱ ላይ ነው።

"የእኔ አረንጓዴ ነበር" አሉ። "አንተ ሳትነግረኝ ነው የነገርኩህ። አሁን አክስትህ ዘንድ ደውልና ጠይቃት።"

እናቴ ኩሽና ደጃፍ ላይ የታጠበ ድስት እንደያዘች ቆማለች፤ ከድስቱ ውሃ ይንጠባጠባል። አባቴ አቦይን አየ፤ አቦይም ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም። ከዚያ አባቴ ስልኩ ዘንድ ሄደ፤ የውጭ አገር መደወያ ካርዱን አውጥቶ ቁጥሩን እየነካ ሁለቴ ተሳስቶ ሦስተኛው ላይ አገኘው።

"እትዬ ወርቄ፣ እንዴት ሰነበቱ?" አለ።

ስለ ጉልበታቸው ጠየቃቸው። ስለ ልጅ ልጆቻቸው ትምህርት፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ መብራት ይጠፋ እንደሆነ ጠየቃቸው። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አሁን ይጠይቃል፣ አሁን ይጠይቃል እላለሁ። እሳቸው ስለ እኔ ጠየቁት መሰለኝ ስልኩን ሰጠኝ። የቀጠነ፣ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ የኔ ልጅ፣ አደግሽልኝ ወይ አለኝ። አረንጓዴ ነበር ወይ የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። አደግሁ አልኩ። ስልኩን መልሶ ወሰደ።

"በሉ እንግዲህ እትዬ፣ ደህና ይሁኑልኝ" አለ። ዘጋው።

አቦይ ከመስኮቱ አልተንቀሳቀሱም። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ እጃቸውን ቢዘረጉ ስልኩን ይነኩታል።

"ምን አለች?" አሉ።

አባቴ ካርዱን ኪሱ ከተተ። "አላስታወሱም።"

አቦይ ረጅም ጊዜ አዩት። እንደዚያ ሰው በሰው ፊት ላይ የሆነ ነገር ሲፈልግ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። አባቴም ሳይሸሽ ታየላቸው።

"ዕድሜ ነው" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ፤ ዕድሜ ነው" አለ አባቴ።

አለመጠየቁን አራታችንም ሰምተን ነበር። እናቴ ድስቱን አስቀመጠች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ አባቴን ዞራ አልፋ ስልኩን አነሣች። ሊቶኒያ ደወለች። ጓደኛዋ የት ደረሳችሁ ያለቻት ይመስለኛል።

"ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጪው" አለቻት። "አቦይ እዚሁ ናቸው።"